ደህና ናት

አልታየሽን መንገድ ላይ አግኝታችሁ «ልጅሽ እንዴት ናት?» ብትሏት፣ ጥያቄውን ሳትጨርሱ መልሱ ይደርሳችኋል። «ደህና ናት፣ ተመስገን።» ልጅቷ በዚያችው ቅጽበት ለንደን ውስጥ ኬንቲሽ ታውን መሀል መንገድ ዳር በደረቷ ተኝታ ጫማዋን እየወረወረች ቢሆን እንኳ መልሱ አይለወጥም። አልታየሽ በአንድ እጇ ጫማውን ትለቅማለች፣ በሌላው ልጅቷን ታነሣለች፣ በአፏ ደህና ናት ትላለች። የሠፈሩ ሐበሻ ይህን ለምዶታል። አንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ሌላው ዞር ብሎ ያሽሟጥጣል፤ ፊት ለፊት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

መልሱን የወረሰችው ከእናቷ ነው። ደብረ ብርሃን ሳሉ ወንድሟ በኩፍኝ ሲቃጠል ጎረቤት ሊጠይቅ ይመጣል፤ እናቷ በሩ ላይ ይቆሙና «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ብለው ይመልሱታል። የልጅን ሕመም ስሙን እየጠሩ ማውራት ማሟረት ነው፣ ያለውን ያከብደዋል፣ የሌለውን ይጠራዋል ብለው ያምኑ ነበር። አልታየሽ ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት ስትሄድ መልሱን ይዛው ሄደች። አሠሪዋ ኩሽና ውስጥ ቆልፋባት በምትወጣበት ዘመን፣ ስልክ የተፈቀደላት ቀን ለእናቷ የምትለው ያንኑ ነበር። «ደህና ነኝ፣ እማዬ።» እናቷም ይህንኑ እንዳመኑ አረፉ። ያቺው አሠሪ ለበጋ ዕረፍት ለንደን ይዛት ስትመጣ፣ አልታየሽ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ በዚያው ቀረች። ፌስታሉን የት እንደጣለችው እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ይዛው አውቶቡስ የገባች ይመስላታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የብዙ ሰው ታሪክ ነው። ጠበቃ፣ ወረቀት፣ የተከለከለ ወረቀት፣ እንደገና ጠበቃ። ወረቀቱ በመጨረሻ ሲሰጣት ካምደን ውስጥ አንድ ሆስፒታል ክሊነር ሆና ገባች፤ መርዕድንም ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። መርዕድ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ረጋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው፤ ዕረፍት በወጣ ቁጥር ይደውላል፣ «እንዴት ናችሁ?» ይላል፣ «ደህና ነን» ትለዋለች፣ ይዘጋል። የሠፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ የሰጣቸው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ የሠራ ቀን የሕንፃው ሰው እንኳን አደረሰህ መባባል ነው የቀረው። ልጅ ይሰጠናል ብለው ብዙ ጠብቀው፣ ተስፋ ሲቆርጡ እሌኒ መጣች።

እሌኒ ዛሬ አራት ዓመቷ ነው። ዐይኗ የአባቷ፣ ፀጉሯ የእናቷ ነው፤ ያያት ሁሉ «ምን የመሰለች ልጅ!» ይላል። ስሟን ሲጠሯት ግን ዞር አትልም። ከነጭ ሩዝና ከደረቅ ቶስት በቀር ምግብ አታስጠጋም። ዳይፐር አልተወችም። በር ክፍት ካገኘች ትሮጣለች፤ መኪና ይሁን ገደል ለይታ አታውቅም። አፏንም አልፈታችም። «እማ» አላለችም፣ «እንቢ» አላለችም፤ የፈለገችውን ስታጣ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች።

ሁለት ዓመት ሲሆናት የሕፃናትን ጤና የምትከታተል ነርስ፣ ሄልዝ ቪዚተር፣ ቤት ድረስ መጥታ ነበር። ሴትየዋ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አስተርጓሚ አስገባች፤ አስተርጓሚዋ የአገር ልጅ ሆና ተገኘች። «እህቴ፣ ስለ ልጅሽ የሚያሳስብሽ ነገር አለ ወይ ትልሻለች።» ድምፁን አልታየሽ የምታውቀው መሰላት። ነገ ቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የምትቆም ሴት ትሆን ይሆናል። «ኧረ ደህና ናት! ምን ትሆናለች?» አለች። እንግሊዟም የሚያሳስብ ነገር የለም ብላ መዝግባ ሄደች። ልጅቷ እንደገና ሐኪም ፊት እስክትቀርብ ብዙ ጊዜ ባከነ። በመጨረሻ ሐኪሙ ኦቲዝም ነው ሲል መርዕድ ራሱን ነቀነቀ፤ አልታየሽ ግን በልቧ ይህ ሰው ምን ያሟርትብኛል አለች።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ሕዝቡ ታቦት ሲያጅብ፣ እሌኒን እንዳዘለች ከግድግዳ ተጠግታ ተሳለች። «እመቤቴ፣ ለከርሞ ይህች ቀን ሳትደርስ ልጄ አፏን ፈትታ አንድ ቃል ብትናገር፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ አስገባልሻለሁ።» አንድ ቃል ነው ያለችው። የትኛው ቃል እንደሆነ አልተናገረችም፤ «እማዬ» እንደሚሆን ግን አልተጠራጠረችም። ሰው ጥላ የሚገዛው ስለቱ ሲሰምር ነው። አልታየሽ ግን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አስቀድማ አስመጣችው።

«ኧረ ቆይ እንጂ» አላት መርዕድ። «ዕቃው ቀድሞ ይመጣል እንዴ?»

«ይምጣ። ዝግጁ መሆኔን እመቤቴ ትወቀው» አለች።

ጥላው ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ይንጠለጠላል። በላስቲክ ጠቅልላ አልጋ ሥር አኖረችው። እሌኒ ግን አገኘችው። ላስቲኩን ቀድዳ፣ አልጋ ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ዘርፉን በጣቶቿ መሀል ስታሳልፍ ትውላለች። አትጮኽም፣ ጭንቅላቷን አታጋጭም። በቤቱ ውስጥ ሰላም የሚወርደው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ አልታየሽ የእመቤቴን ዕቃ ተዪ ብላ ልትቆጣት አልቻለችም።

መስከረም ላይ እሌኒ የምትውልበት የሕፃናት ማቆያ፣ የነርሰሪው አስተማሪ አልታየሽን ለብቻዋ ጠራቻት። ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ መንግሥት የሚሰጠው አበል አለ፣ አፕላይ አድርጉ አለቻት። አበሉ ቢገኝ አልታየሽ ሥራዋን ቀንሳ ከልጇ ጋር ልትውል ትችላለች። ለትልቅ ልጅ የተሠራውን፣ ቀበቶ ያለውን ጋሪ መግዛት ይቻላል። ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ነርሰሪው በየጊዜው እየደወለ ኑና ውሰዷት ስለሚል፣ አልታየሽ የሆስፒታሉን ኮሪደር ግማሹን እርጥብ፣ ግማሹን ደረቅ ትታ መሮጥ ከጀመረች ሰንብታለች፤ አለቃዋም ፊቷን ማጥቆር ጀምራለች።

ፎርሙ በፖስታ መጣ። ውፍረቱ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ያህላል። መርዕድ እንግሊዝኛው ስለሚሻል መነጽሩን አድርጎ ተቀመጠና አንድ ገጽ ላይ ቆመ።

«ይህ ችግር ከአሁን ወዲያ ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላል ወይ ይላል።»

«ኅዳር ጽዮን መቼ ነው?»

«ሁለት ወር ቢሆነው ነው።»

«እንግዲያው አይቀጥልም በል።»

መርዕድ መነጽሩን አወለቀ። «አይቀጥልም ካልን እኮ ሪጀክት ነው የሚያደርጉን፣ አልታዬ።»

«እና ይቀጥላል ብዬ ልፈርም? ስለቴ ሊደርስ እያለ፣ እመቤቴን አትሰሚኝም ልበላት?»

መርዕድ ፎርሙን አጥፎ ሳህን መደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጠው። ሁለቱም ሳህን ባወረዱ ቁጥር እያዩት እንዳላየ ያልፉት ነበር።

ጥቅምት ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ባስ ማቆሚያው ጋ አልታየሽ ካርዷን ከቦርሳዋ ልታወጣ የልጅቷን እጅ ለቀቀች፤ ዐይን እስኪጨፈን ነው የለቀቀችው። እሌኒ ወደ መንገዱ በረረች። አውቶቡሱ ሲጢጥ ብሎ ሲቆም ከልጅቷ ደረት እስከ መስተዋቱ አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ሹፌሩ ወርዶ እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሌኒ የአውቶቡሱን መብራት እያየች ትስቃለች። አልታየሽ ባሏን አሰበች፣ እሱም እንዲህ ያለ ነገር እንደሚነዳ። በማግሥቱ ሰልማ ጋ ደወለች።

ሰልማን ያወቀቻት የልጆች ክሊኒክ ወረፋ ስትጠብቅ ነው። የደሴ ልጅ ናት፣ ስቶክዌል ትኖራለች። ልጇ ሙባሽር እንደ እሌኒ ነው። ፎርም መሙላት ስለምታውቅበት ክርስቲያኑም እስላሙም እሷው ዘንድ ይሄዳል፤ ምስጋና ሲያበዙባት ደግሞ ትቆጣለች። «ከኬንቲሽ ታውን ቀጥታ ነው፣ ኖርዘርን ላይን ያዢና ነይ» አለቻት። ባቡሩ ውስጥ እሌኒ ጆሮዋን ይዛ ስትጮህ ሰዉ ሁሉ ስልኩ ውስጥ ተደበቀ።

ሙባሽር ሶፋው ላይ ነበር። ጢሙ ብቅ ብቅ ብሏል። ትልልቅ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ የድስት ክዳን ወለሉ ላይ ያሽከረክራል፤ ሲወድቅ ያነሣዋል፣ ደግሞ ያሽከረክረዋል። እናቱ ከአፉ ዳር ምራቁን ጠርጋለት አለፈች። አልታየሽ አየችውና ዐይኗን ሰበረች። ፈራች። የፈራችው ልጁን አልነበረም፤ ከዓመታት በኋላ እሱ ያለበት ሶፋ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ስላወቀች ነው።

እሌኒ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ የምንጣፉን ጫፍ መበጠስ ያዘች። ሰልማ ፎርሙን ገለጠች።

«በይ። ምግብ ራሷ ትበላለች?»

«ትበላለች፣ ተመስገን።»

«ምን ትበላለች?»

«ሩዝ። ቶስት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አትወድም።»

«አፏ ላይ ስታደርጊላት?»

«ታስመልሰዋለች።»

ሰልማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እና ምኑን ነው ትበላለች ያልሽኝ? ስሚ፣ አልታየሽ። እነዚህ ሰዎች ልጅሽን አያውቋትም። አይወዷትም፣ አይጠሏትም። የሚጠይቁሽ ስለ ክፉ ቀኗ ነው፤ አንቺ የክት ልብሷን አልብሰሽ ታመጪልኛለሽ።»

«ማሟረት ይመስለኛል።»

«የሆነ ነገር ምኑ ይሟረታል? አላህ ያውቀዋል፣ ማርያም ታውቀዋለች። የማያውቀው መንግሥት ብቻ ነው።»

አልታየሽ መጀመሪያ በቁንጥር፣ ኋላ ግን መቆም አቅቷት ተናገረች። እሌኒ ሌሊት እንደማትተኛ፣ እንደምትነክስ፣ ግድግዳው ላይ የሷ ግንባር ያረፈበት ቦታ እንደጎደጎደ። በሩን ከውስጥ በሁለት ቁልፍ እንደሚዘጉ። አንድ ቀን እሷ ራሷ ሽንት ቤት ገብታ፣ ውሃ ለቅቃ፣ ልጅቷ እንዳትሰማት ሳይሆን ራሷን እንዳትሰማ እንዳለቀሰች። የአውቶቡሱን ነገርም ነገረቻት። በአማርኛ ይህን ሁሉ ለሰው ስትናገር በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ቃሎቹ ከአፏ ሲወጡ ልብሷን ሰው ፊት የምታወልቅ መሰላት። ሰልማ ቀና ሳትል ትጽፋለች። መጨረሻ ላይ ያቺ ጥያቄ መጣች።

«ለስድስት ወር ይቀጥላል?»

ሰልማ ጠበቀች።

«ደህና ናት።»

ከጠረጴዛው ሥር ነው። ጥርት ያለ፣ ቀጭን ድምፅ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አልታየሽ ጎንበስ ብላ አየች፤ እሌኒ የምንጣፉን ክር እያየች፣ ከንፈሯን እንደ ትልቅ ሰው አሞጥሙጣ ደገመችው። «ደህና ናት።» ዜማው ሳይቀር የአልታየሽ ነበር።

አልታየሽ በጉልበቷ ወደቀች። ልጅቷን ከጠረጴዛ ሥር ጎትታ አወጣች፣ ግንባሯን ሳመች፣ እግሯን ሳመች፣ ከዚያም በሰልማ ሳሎን መሀል ብቻዋን እልል አለች። እሌኒ ጆሮዋን ያዘች። ሙባሽር ክዳኑን ያሽከረክራል። ሰልማ እልልታው እስኪያልቅ ታገሠችና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«እሌኒ፣ ውሃ ትፈልጊያለሽ?»

«ደህና ናት።»

«እሌኒ፣ እማዬ የት አለች?»

«ደህና ናት።»

ሰልማ ቀና አለች። «እህቴ፣ ይሄ ንግግር አይደለም። የሰማችውን ነው የምትመልሰው። ሙባሽር በሷ ዕድሜ ሳለ የባቡር ማስታወቂያ ይለፍፍልኝ ነበር። በሩ ሊዘጋ ነው፣ ክፍተቱን ተጠንቀቁ። እኔም ልጄ ተናገረ ብዬ ሰደቃ አወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሱንም ተወው።»

አልታየሽ ተነሥታ የልጅቷን ጃኬት ማልበስ ጀመረች። «ያንቺ ልጅ አልተናገረምና የኔም አትናገር?» አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን አልመለሰችውም። ሰልማ ያቺን አንዲት ጥያቄ ባዶ እንደተወች ፎርሙን በፖስታው ከትታ ሰጠቻት፣ እስከ በሩም ሸኘቻት። «የሆነ ሆኖ ላኪው» አለች። «ሌላ ነገር አይደለም፣ ለጋሪዋ ነው።»

አልላከችውም። ፎርሙን መልሳ ከሳህኑ መደርደሪያ አናት ላይ ወረወረችው። መርዕድ ከሥራ ሲገባ ልጅቷን ፊቱ አቆመችለት፤ እሌኒም አላሳፈረቻትም። መርዕድ ጨርቅ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ፣ አለቀሰ፣ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን «አልታዬ፣ ይሄ አፍ መፍታት ነው?» አላት። «አንድ ቃል ነው የለመንኳት፣ ይኸው ሁለት ሰጠችኝ» አለችው።

ኅዳር ጽዮን ዕለት ከእንግሊዞች የምንዋሰው ቤተ ክርስቲያን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አልታየሽ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ጥላውን ታቅፋ፣ መርዕድ እሌኒን ታቅፎ ቆመዋል። አባ ገብረ መድኅን ከቅዳሴ በኋላ ወደሷ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ስለትሽ ምን ነበር?»

«ልጄ አፏን እንድትፈታ ነው፣ አባ። ፈትታልኛለች።»

«እሰይ! ምን አለች?»

«ደህና ናት ነው ያለችው፣ አባ።»

«እርስዋው መሰከረች በይኛ!» ብለው ሳቁ፤ በድምፅ ማጉያውም ለሕዝቡ አሰሙ። ይህች እህታችሁ አራት ዓመት ሙሉ አልናገር ያለች ልጇ ተናግራላት ለእመቤታችን ጥላ አስገብታለች፣ እልል በሉ። ሕዝቡም እልል አለ፤ ጣሪያው የሚነሣ እስኪመስል ድረስ። እሌኒ ጆሮዋን ይዛ የአባቷን አንገት እየነከሰች ጮኸች። ሴቶቹ እያለቀሱ አልታየሽን አቀፏት፤ ከንፈር ሲመጥጡላት የኖሩት ሁሉ ያን ቀን አገላብጠው ሳሟት። ጥላው ተዘርግቶ ወደ መቅደሱ ሲወሰድ ወርቃማው ዘርፍ ተወዛወዘ። እሌኒ መጮኋን አቁማ እጇን ወደሱ ዘረጋች። ጥላው ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። እጇን ግን አላጠፈችም።

ቤት እንደገቡ ቀጥታ አልጋ ሥር ገባች። ባዶ ነው። እዚያው ተንጋልላ ጣቶቿን በአየሩ ላይ ስታንቀሳቅስ ዋለች፣ ከዚያም ጭንቅላቷን ከወለሉ ጋር ማጋጨት ጀመረች። በማግሥቱም እንዲሁ። አልታየሽ የመጋረጃ ዘርፍ ገዛችላት፣ የሶፋ ዘርፍ ገዛችላት፤ ልጅቷ እየጣለች ወደ አልጋው ሥር ተመለሰች። ስለት ገብቶ አይመለስም።

የለንደኑ ብርድ ገባ። አልታየሽ ሁለቱ ቃላት ሦስት፣ አራት እስኪሆኑ ጠበቀች። እሌኒ ርቧት ስታለቅስ ደህና ናት ትላለች። ዳይፐሯ ሲሞላ ደህና ናት። ትኩሳት ይዟት ሰውነቷ እሳት ሆኖ ሲያድር በደረቀ ከንፈሯ ያንኑ አለች፤ አልታየሽም ቃሉን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ልጇ በሕይወቷ አብዝታ የሰማችው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። ስሟን አይደለም፣ እማዬንም አይደለም። በየመንገዱ፣ በየስልኩ፣ ከጭንቅላቷ በላይ ሲወረወር የኖረውን ነው የያዘችው። ከዚህ በኋላ ሰው «እንዴት ናት?» ሲላት መልስ ያጥራት ጀመር፤ ምእመኑ ግን ተአምሩን አይቷልና መልስም አይጠብቅም። «ዛሬማ እየለፈለፈች ነው አይደል?» ብሏት ያልፋል። ሰልማ ጋ መደወል አሰበች፣ አፈረች፣ ተወችው።

የካቲት ላይ ልጇን ልትወስድ ነርሰሪ ስትደርስ እሌኒ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አስተማሪዋ ፈገግ እያለች፣ በሩ ትንሽ ቆንጥጧት ነበር፣ ግን ምንም አልሆነችም፣ በቋንቋችሁ እያወራችን ነበር አለች። አልታየሽ ፕላስተሩን ላጠችው። ጣቷ ጠቁሮ አብጦ እንደ ሌላ ሰው ጣት ሆኗል። ሐኪም ቤት ወስዳ ራጅ ስታስነሣው አጥንቱ ተሰብሯል። እሌኒ እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ፣ ሐኪሙ ጣቷን በነካ ቁጥር፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ ደህና ናት፣ ደህና ናት ትላለች።

በማግሥቱ አስተማሪዋ ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ «የምትለው ነገር ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም ማለት አይደለም» አለች አልታየሽ ባላት እንግሊዝኛ።

ያን ቀን ፎርሙን ከሳህን መደርደሪያው አናት አወረደችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። ባዶዋን ጥያቄ አየቻት፤ እስክሪብቶም አነሣች፤ እጇ አልታዘዝ አላት። እንዳለ በፖስታው ከተተችውና ሠፈሩ መታጠፊያ ላይ ያለው ቀይ የፖስታ ሣጥን ድረስ ሄደች። ሲወድቅ ድምፁ ተሰማት። እመቤቴ ይቅር በይኝ ልትል አሰበች፤ ግን ይቅርታውን ማን ከማን መጠየቅ እንዳለበት ግራ ገባት። ከዚያ ወዲህ ጥላ የሚያዝበት ወገን ቆማ ማስቀደስ ተወች፤ በር ሥር ቆማ ትመለሳለች።

ከፋሲካ በፊት ስልክ ተደወለ። አንዲት እንግሊዝና አንድ አስተርጓሚ መስመሩ ላይ አሉ። አስተርጓሚው የአገር ሰው ነው፣ ድምፁ ጨዋ። «ጤና ይስጥልኝ። ስለ ልጅዎ ማመልከቻ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ልጅዎ እንዴት ናት?» አልታየሽ አፏን ከፈተች፤ የለመደችው መልስ እስከ ምላሷ ጫፍ መጥቶ ቆመ። እሌኒ ወለሉ ላይ ተንጋልላ ጣቶቿን በአየሩ ላይ ታሳልፋለች። የተሰበረው ጣት ጠምሞ ነው የዳነው።

«ደህና አይደለችም» አለች።

አስተርጓሚው ይህን ያልጠበቀ ይመስላል። ከዚያ ተረጎመው። ሴትዮዋ ቀጠለች፤ ማመልከቻው ላይ ልጅቷ አትናገርም ተብሏል፣ ነርሰሪው ደግሞ የምትደጋግመው ንግግር አለ ይላል፣ ምን ማለቷ ነው?

«ደህና ናት ነው የምትለው።»

«እንግዲያው ስሜቷን መግለጽ ትችላለች ማለት ነው ወይ ይሉዎታል።»

ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ እልል ያለበትን ቀን አሰበች። ይህ ሰው እዚያ ነበር ይሆን? ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ አልነበረውም። «አትችልም» አለች። «ጣቷ ተሰብሮም ያለችው ይህንኑ ነው። ቃሉን እንጂ ነገሩን አታውቀውም። ከኔ ነው የሰማችው።»

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ጥያቄ ባዶ ትተዋል ይላሉ። ይህ ችግር ከአሁን ወዲያ ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላል ብለው ያምናሉ?»

አልታየሽ ልጇን አየቻት። የሙባሽርን ጢም አሰበች፣ የሰልማን እጅ፣ ከአፉ ዳር ምራቅ ሲጠርግ። ከመጋረጃ ጀርባ የገባውን ጥላ አሰበች።

«አዎ» አለች።

«እስከ መቼ ይመስልዎታል ይላሉ።»

«ዕድሜዋን ሙሉ።»

ተረጎመው። ሴትዮዋ አመሰገነች፣ ውሳኔው በፖስታ ይደርስዎታል ተባለች። አስተርጓሚው ከመዝጋቱ በፊት፣ ሳይታዘዝ፣ በአማርኛ ብቻ «እግዜር ይማርልዎ፣ እህቴ» አላት። አሜን ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ስልኩ ተዘጋ። እንባ አልመጣም፤ ሰው ስለ ቀበረ ሁሉ አያለቅስም። ልጇ እዚያው ተኝታ ሳለች፣ ትናገርልኛለች ብላ የጠበቀቻትን ሌላዋን እሌኒ በገዛ አፏ ቀበረቻት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። መርዕድ ነው፤ ዕረፍት ላይ ነው፣ ከጀርባው የአውቶቡስ ሞተር ይሰማል። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ደወሉ?» አላት።

«ደወሉ።»

«ምን አልሻቸው?»

ሳትመልስለት ገባው። ከዚያ ምን እንደሚል ሲያጣ፣ በየዕረፍቱ የሚጠይቀውን ጠየቃት።

«እሌኒስ እንዴት ናት?»

ከወለሉ ላይ እሌኒ መለሰችለት።